ካርታ ሲባል የትኛው ካርታ?

የጉምሩክ አስተላላፊ ነኝ። ባለፈው ወር አንዲት ወጣት እናት ቢሮዬ መጣች። ከቻይናዋ ጓንዡ በአውሮፕላን ያስጫነችው 11 ካርቶን ቦሌ መጋዘን ገብቷል። ኢንቮይሱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው። መስመሩ አንድ ብቻ ነው። «የልጆች ኖቨልቲ ካርድ አክቲቪቲ» ይላል፤ ከጎኑ ብዛትና ዋጋ። ሌላ ምንም የለም።

«ጋሼ፣ በአማርኛ ምን ተብሎ ይመዝገብ? እኔማ የልጆች ካርታ ነው የምለው» አለችኝ።

ልጅቷ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ነበረች። አሁን ትንሽ ሱቅ ተከራይታ የልጆች መማሪያና መጫወቻ ትሸጣለች። ያላትን ጥሪት በሙሉ እነዚያ 11 ካርቶኖች ላይ አውላለች። ስለዚህ ቸኩላለች። ዕቃ መጋዘን ባደረ ቁጥር ኪራይ ይቆጥራል። ጭንቀቷ ገብቶኛል። እኔ ግን «ካርታ» የሚለውን ቃል ስሰማ ቆም አልኩ።

እስቲ አስቡት። በቋንቋችን ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የዓለም ካርታ ካርታ ነው። ሰዎች ማታ ማታ ተሰብስበው የሚጫወቱትም ካርታ ነው። የቤትና የቦታ ማረጋገጫውም ካርታ ነው። ዕቃዎች ለቀረጥ በቁጥር በተመደቡበት በታሪፍ መጽሐፍ ግን የመጀመሪያው ምዕራፍ 49 ውስጥ፣ ርዕስ 49.05 ላይ ይገኛል፤ የኅትመት ውጤት ነው። ሁለተኛው ምዕራፍ 95 ውስጥ፣ ርዕስ 95.04 ላይ ነው፤ የጨዋታ ዕቃ ነው። በአንድ ቃል ጠርተናቸው፣ ሁለቱ ለየብቻ ይኖራሉ።

«ናሙና አለሽ?» አልኳት።

«ቤት አለ። ልጄ እየተጫወተበት ነው።»

«እንግዲያው ሂጂና ከልጅሽ ተዋሽው።»

ከሰዓት በኋላ በፌስታል ሞልታ ይዛ መጣች። አንዳንዱ ጠርዙ ታኝኳል። ለእኔ ግን ከኢንቮይሱ ይልቅ ያ የታኘከ ካርድ ብዙ ነገረኝ።

ለማያውቅ ሰው ትንሽ ላብራራ። ማንኛውም ከውጭ የሚገባ ዕቃ ታሪፍ ቁጥር ይሰጠዋል። ቁጥሩ የሚመነጨው ከኤች.ኤስ. ነው፤ ብራሰልስ ያለው የዓለም ጉምሩክ ድርጅት የሚያስተዳድረውና እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ የሚሠራበት የዕቃ አመዳደብ ሥርዓት። የመጀመሪያዎቹ 6 አኃዞች እዚህም ቻይናም አንድ ናቸው። እኛ 2 ጨምረን 8 እናደርገዋለን። ቀረጡን የሚወስነው ያ ቁጥር ነው። ቀረጡ ሲሳሳት ደግሞ ብቻውን አይሳሳትም። ቫቱ የሚሰላው ዋጋውና ቀረጡ ተደምሮ ነው። ሱርታክስ የሚባለው ተጨማሪ ግብርም ከነዚህ ሁሉ ድምር ላይ ነው የሚሰላው። ከታች የጀመረች ትንሽ ስህተት ወደ ላይኛው ስትደርስ አብጣ ትገኛለች።

ላኪው ኢንቮይስ ላይ የጻፈውን ኮድ ዝም ብሎ መገልበጥ የብዙዎች ልማድ ነው። እኔ አላደርገውም። መጫወቻ የሚሸጡ ላኪዎች ያላቸውን ሁሉ በመጫወቻው ርዕስ 95.03 እያሉ ሲልኩ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ከዓመታት በፊት እኔም ሦስት ዓይነት ዕቃ በአንድ ኮድ አስመዝግቤ ነበር። ፍተሻ ላይ ተገኘ። ደንበኛዬ ልዩነቱን ከነቅጣቱ ከፈለ። አንድም ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ያ ዝምታው ዛሬም ድረስ ያመኛል። ከዚያ ወዲህ ዕቃውን በእጄ ሳልይዝ ኮድ አልሰጥም።

ፌስታሉን ገለበጥነው። «ካርድ አክቲቪቲ» የተባለው አምስት ዓይነት ዕቃ ሆኖ ተገኘ።

አንደኛው ጥንድ ጥንዱን ፈልጎ የማዛመጃ ካርድ ነው። በግ ከበግ፣ ዶሮ ከዶሮ። ይህ በትክክል የመጫወቻ ካርታ ነው፤ 95.04። ካርታ ማለቷ እዚህ ላይ ልክ ነበር። ሁለተኛው ካርዱ ተቆራርጦ መልሶ የሚገጣጠም ነው። ፓዝል በየትኛውም ዓይነት ቢመጣ በስሙ የተጠቀሰው 95.03 ላይ ስለሆነ ክርክር የለውም። ሦስተኛው የአስማት ማሳያ ካርድ ነው። አንዱን ካርድ ስትገለብጠው ሥዕሉ ጠፍቶ ሌላ ይመጣል። ልጆች ይወዱታል። እንዲህ ያለው ትርኢት ከበዓል ማድመቂያ ጋር 95.05 ላይ ተመድቧል።

አራተኛውና አምስተኛው ላይ ግን ማምሸት ነበረብን።

አራተኛው ፖስት ካርድ መሳይ ነው። ቀለም ያልተቀባ ሥዕል ታትሞበታል፤ ልጁ ይቀባዋል፣ ከዚያ ለአያቱ ይሰጣል። ጠርዙ ላይ የተጠረዘ ነው። ቀዳዳ ቀዳዳ ተበስቶ የሚቀደድበት መስመር አለው። ልጅቷ «ፖስት ካርድ ነዋ» አለች። ፖስት ካርድ 49.09 ነው። እኔም ለአፍታ ወደዚያው አዘንብዬ ነበር። ከዚያ የዓለም ጉምሩክ ድርጅት ስለ ርዕስ 49.03 የጻፈውን ማብራሪያ አወጣሁ። 49.03 የልጆች ሥዕላዊ መጽሐፍ፣ የመሳያና የማቅለሚያ ደብተር ነው። ማብራሪያው ስለ ማቅለሚያ ደብተር ሲናገር፣ ገጾቹ የተጠረዙ እንደሆኑ፣ አንዳንዴም በሚገነጠል ፖስት ካርድ መልክ እንደሚመጡ በግልጽ ይላል። ልክ የኛን ዕቃ አይቶ የጻፈው ይመስላል። መጠረዙ ነው ነገሩን የለወጠው። ያው ካርድ ልቅ ልቁን በፖስታ ታሽጎ ቢመጣ ኖሮ ሌላ ንግግር ነበር የምንነጋገረው።

ችግሩ ግን ከውስጡ አራት የሰም ክሬዮኖች ወጡ። ክሬዮን ለብቻው 96.09 ነው። ሁለት ርዕስ ውስጥ የሚገቡ ዕቃዎች አንድ ፓኬት ውስጥ ሲገኙ የኤች.ኤስ. ሦስተኛው የትርጉም ደንብ ይመጣል። አብረው የተደረጉት ለአንድ ሥራ ነወይ? እንደገና ሳይታሸጉ በቀጥታ ለተጠቃሚ ይሸጣሉ ወይ? መልሱ አዎ ከሆነ ስብስቡ ዋናውን ባሕርይ በሰጠው ዕቃ ቁጥር ይመደባል። ክሬዮኖቹ ከአንድ ጣት ያጥራሉ። ያለ ደብተሩ ማንም አይገዛቸውም። ደብተሩን ግን ያለ ክሬዮኖቹም ሰው ይገዛዋል። 49.03 ብዬ ጻፍኩት።

አምስተኛው ወፍራም ወረቀት ላይ የታተመ ነው። ፊቱ ላይ «መጽሐፍ» የሚል ቃል አለ። ውስጡ ጥቂት ታሪክ አለ፤ ከዚያ በመቀስ ተቆርጠው የሚቆሙ እንስሳት። ልጅቷ ይህን ከሁሉ አብልጣ ትወደዋለች። «ጋሼ፣ ይሄማ መጽሐፍ ነው፤ በመጽሐፍ ይግባልኝ» አለችኝ። እኔም ልቤ እንደዚያ እንዲሆን ፈልጎ ነበር። የልጅ ንባብ የሚያስጀምር ነገር ሁሉ በመጽሐፍ ቢገባ ደስታዬ ነው።

ማብራሪያው ግን እዚህም ልኩን አስቀምጧል። በሥዕላዊ መጽሐፍ ውስጥ የሚቆረጥ ነገር ጥቂት ከሆነ መጽሐፍነቱ አይቀየርም። ሽፋኑን ጨምሮ ከገጾቹ ከግማሽ በላይ ለመቆረጥ የተዘጋጁ ከሆኑ ግን፣ ጽሑፍ ቢኖረውም እንኳ መጫወቻ ነው፤ ወደ ምዕራፍ 95 ይሄዳል።

ስለዚህ ቆጠርን። እሷ ገጹን ትገልጣለች፣ እኔ በእርሳስ ምልክት አደርጋለሁ። ሽፋኑን ጨምሮ 24 ገጽ። የሚቆረጥባቸው 14። ደግመን ቆጠርን፤ 14። ግማሹ 12 ነው። በ2 ገጽ መጫወቻ ሆነ።

ዝም አለች። አንድ ነገር አሳየኋት። ልጇ አንዱን ቅጂ ቆርጦ ጨርሶት ነበር። ከቅጂው የቀረው ሽፋኑና ጥቂት የተንጠለጠሉ ወረቀቶች ናቸው። እንስሳቱ ደግሞ ፌስታሉ ሥር ቀርተው፣ አንዱ ቀጭኔ አንገቱ ታጥፎ ተገኘ። ቀጭኔውን አቅንታ ጠረጴዛው ላይ አቆመችው። «እሺ፣ መጫወቻ ነው» አለች።

ይህ ሁሉ ለወረቀት ቁራጭ ነው የሚል አይጠፋም። እኔ እንደዚያ አላይም። አሜሪካ ውስጥ የኮሚክ ጀግኖች ቅርጾች «አሻንጉሊት» ናቸው ወይስ «ሌላ መጫወቻ» ተብሎ ፍርድ ቤት ድረስ ተሂዷል። በጊዜው አሻንጉሊት የሚባለው ሰውን ብቻ የሚወክል ነበር፤ ቀረጡ 12 በመቶ። ሌላው መጫወቻ 6.8 በመቶ። አስመጪው ቶይ ቢዝ እነዚህ ፍጡራን ሰዎች አይደሉም ብሎ ተከራከረ፤ እ.ኤ.አ. በ2003 የዓለም አቀፍ ንግድ ፍርድ ቤቱ ፈረደለት። ኤች.ኤስ. እ.ኤ.አ. በ2007 ሲሻሻል አሻንጉሊትና ሌላው መጫወቻ አንድ ርዕስ ውስጥ ተጠቃለሉ። ዛሬ 95.03 የምንለው እሱን ነው። አማርኛችን ግን ከዚያ በፊትም ብዙውን መጫወቻ አሻንጉሊት ሲል ኖሯል።

ዲክላራሲዮኑን፣ ለጉምሩክ የሚቀርበውን የዕቃ ማስታወቂያ ቅጽ፣ በአንድ መስመር ፋንታ በአምስት መስመር ሞላሁት። ኢንቮይሱም በዝርዝር ተስተካክሎ እንዲላክ ላኪውን አስጠየቅኋት። «ካርድ» ብቻ አይደለም ያልነው። «ለጨዋታ የሚያገለግል የታተመ የማዛመጃ ካርድ፣ በሳጥን»፤ «የተጠረዘ የማቅለሚያ ደብተር፣ የሚገነጠል፣ ከ4 ክሬዮን ጋር»፤ እንዲህ እያልን። የሚፈትሸው ሰው ካርቶን ከመክፈቱ በፊት ዕቃው በዓይነ ሕሊናው እንዲመጣለት ነው።

ፍተሻ ደረሰን። መርማሪዋ ወጣት ናት። ሁለት ካርቶን አስከፈተች። ቀጥታ ወደሚቆረጠው ሄደች። «ጋሼ፣ ይሄ ላይ መጽሐፍ ይላል፤ ለምን መጫወቻ አላችሁት?» አለች። በእርሳስ ምልክት ያደረግንበትን ቅጂ ሰጠኋት። ቆማ ገጹን አንድ በአንድ ቆጠረች። እሷም 14 አገኘች። ፈረመች። ሥራዋን እንዲህ የሚሠራ ሰው ሳይ ደስ ይለኛል፤ ስወጣም ነገርኳት።

ዕቃው በሦስተኛው ቀን ወጣ።

ልጅቷ ትናንት ደውላ ነበር። አሁን የራሷን ሥራ ማሳተም ትፈልጋለች። ፊደላችንን በሥዕል። ሀ ላይ ሀብሐብ፣ ለ ላይ ለውዝ፣ በ ላይ በሬ። ቻይና ነው የሚታተመው። ሥዕላዊ የፊደል መጽሐፍ ከሆነ 49.03 በስሙ ያውቀዋል። ልቅ ካርድ ከሆነ ግን መጽሐፍ አይደለም፤ ሌላ የኅትመት ውጤት ተብሎ 49.11 ላይ ያርፋል። ይህን ስነግራት ትንሽ አሰበችና «ጥጉ ላይ ተበስቶ በሽቦ ቀለበት ቢታሰርስ?» አለችኝ።

ቀለበቱ የሚከፈት ነው ወይስ የማይከፈት፣ ልጁ ካርዱን እያወጣ ይጠቀምበታል ወይስ እያገላበጠ ያነበዋል፣ እሱን በዓይኔ ማየት አለብኝ። ገና ስላልገዛችው ጊዜ አለን። ጉምሩክንም አስቀድመን በጽሑፍ እንጠይቃለን። ናሙናውን ዓርብ አመጣለሁ ብላለች።