ትራሱ መጨረሻ ላይ ይገባል፦ የሚያጠቡ እናቶችን የአንገትና የትከሻ ሕመም የማስታግስበት መንገድ

ማጅራቷን ይዟት ወይም ትከሻዋን አቃጥሏት የምትመጣ የምታጠባ እናት አንገቷን ከመንካቴ በፊት ልጇን እዚያው እንድታጠባ እጠይቃታለሁ። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ አቀማመጧ ላይ ይገኛል። አራስ ልጅ በ24 ሰዓት ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጠባል። አንዱ ጊዜ 20 ደቂቃ ቢወስድ እንኳ እናትየው በቀን ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ አቀርቅራ ታሳልፋለች። ወደ 5 ኪሎ የሚጠጋው ጭንቅላት ደግሞ ባዘነበለ ቁጥር የማጅራት ጡንቻዎች ላይ ይከብዳል።

ብዙዎች መጀመሪያ ትራስ ጭናቸው ላይ ያኖራሉ፣ ልጁን ያስተኛሉ፣ ከዚያ ጡታቸውን ይዘው ወደ እሱ ይጎነበሳሉ። እኔ የማስደርገው ተቃራኒውን ነው። እናትየው መቀመጫዋን እስከ መደገፊያው አስጠግታ ትቀመጣለች፤ እግሯ ወለል ካልደረሰ በርጩማ ይደረግላታል፤ ትከሻዋን ወደ ጆሮዋ ሽቅብ ሰብስባ ትለቀዋለች። ልጁ ሆዱ ከሆዷ ገጥሞ፣ አፍንጫው በጡቱ ጫፍ ትይዩ ሆኖ ይቀርባል። አፉን በሰፊው ሲከፍት አገጩ ቀድሞ ጡቱን እንዲነካ ታስጠጋዋለች። ትራሱ የሚገባው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በክርኗና በጭኗ መካከል የቀረውን ክፍተት ለመሙላት ብቻ ነው። ክፍተቱ ትንሽ ከሆነ የታጠፈ ፎጣ ይበቃል። የበዛ ትራስ ትከሻን ሽቅብ ይገፋል፤ ያነሰው የልጁን ክብደት ክንዷ ላይ ይጥላል። በመጀመሪያው ወር ልክ የነበረው ትራስ ልጁ ሲያድግ ይበዛል። ሕመሙ ተሽሎ ከተመለሰ መጀመሪያ የማየው ይህንን ነው።

ልጁ ጡቱን በትክክል መጉረሱን ለማየት ማቀርቀር ግድ ነው። መዋጥ ከጀመረ በኋላ ግን ጭንቅላት ቀና ይበል፣ መደገፊያም ያግኝ። በሌላው እጅ ስልክ ካለ ግን ይህ ሁሉ ድካም ከንቱ ነው።

የሚያመውን ማጅራት እየጎተቱ ማሳሳብ እምብዛም አይረዳም፤ ቀኑን ሙሉ ተለጥጦ የዋለ ጡንቻ ነውና። መሳሳብ ያለበት ደረት ነው፦ ክንድን በር መቃን ላይ አሳርፎ፣ አንድ እግር አስቀድሞ፣ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ መቆየት። ከዚያ አገጭን ሳያነሱ ወደ ኋላ መሳብና ትከሻዎችን ወደ ኋላና ወደ ታች መሰብሰብ ይከተላል፤ እያንዳንዱ 5 ሰከንድ እየተያዘ 10 ጊዜ። ከማጥባት ጋር ካልተያያዘ ይረሳል፤ ስለዚህ በቀን ከሦስት ማጥባቶች በኋላ እንዲሠሩት አደርጋለሁ።

በፎጣ የተጠቀለለ የሙቅ ውሃ መያዣ ለ15 ደቂቃ ቢደረግበት ያስታግሳል። ፓራሲታሞል በተፈቀደው መጠን ከማጥባት ጋር አይጋጭም፤ አይቡፕሮፌንም እንዲሁ፣ የጨጓራ ቁስለት ወይም የኩላሊት ችግር ካለ ግን ያለ ሐኪም አይወሰድም።

ክንድ ከዛለ ወይም ከደነዘዘ፣ አንገት ከትኩሳት ጋር ከደረቀ፣ ከባድ ራስ ምታት ከዓይን ብዥታ ጋር ከመጣ፣ ወይም ጀርባዋ ላይ ማደንዘዣ ተወግታ የወለደች እናት ስትቀመጥ የሚብስባት፣ ስትጋደም የሚቀልላት ራስ ምታት ካለ፣ ስለ ትራስ አላወራም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ እልካታለሁ።