ለአዋሽ ሁለት ካርቶን፣ ለእኔ ስምንት

ይህን የምጽፈው ሱቁ በር ላይ ካርቶን አስቀምጦ «ትርፍ መድኃኒት ያላችሁ አምጡ» ሊል ለተነሳ ሰው ነው። ተው። እኔ ተው የሚለኝ ሰው አጥቼ ነው ግማሽ ዓመቴን የበላሁት።

ባሕር ዳር ቀበሌ 14 አካባቢ ትንሽ የመድኃኒት መደብር አለችኝ። ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ሌሊት 10 ሰዓት ገደማ አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ 5.7 የተለካው ርዕደ መሬት ሲደርስ መሬቱ ከዚያ በፊትም ለሳምንታት ሲናጥ ከርሞ ነበር። በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች ዙሪያ የነበረ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ቤቱን ጥሎ ሸራ ሥር ገባ። የተሰነጠቀውን መሬት በቴሌቪዥን እያየሁ ዝም ማለት አቃተኝ። ጥምቀት እንዳለፈ ካርቶኑን አወጣሁት።

በአራት ቀን ዘጠኝ ካርቶን ሞላ። ደስታዬ ለጉድ ነበር፤ ፎቶ ሁሉ ተነስቻለሁ። መለየት ስንጀምር ነው ጉዱ የወጣው። ግማሹ የተጠጣ የሳል ሽሮፕ ከነማንኪያው። ክዳኑ የጠፋ የዓይን ጠብታ። በምን ቋንቋ እንደተጻፈበት ያልለየነው ቅባት። በመቀስ ተቆርጣ ከስሟ «ሲን» ብቻ የቀረች የክኒን ስትሪፕ፤ አዚትሮማይሲን ትሁን ኤሪትሮማይሲን ማን ይንገረን?

አንዲት የሰፈራችን እናት የሟች ባለቤታቸውን ኢንሱሊን ይዘው መጡ። ማቀዝቀዣ ስለሌላቸው እርጥብ አሸዋ በተሞላ ገንቦ ውስጥ ነው ያኖሩት፤ ከነገንቦው አቅፈው አመጡት። «ልጄ፣ እሱን አላተረፈውም፣ ለእነዚያ ይሁናቸው» አሉኝ። ሰውዬው ካረፉ ሦስተኛ ወራቸው ነው። ኢንሱሊን ከማቀዝቀዣ ውጭ ከአንድ ወር ብዙም አያልፍም፤ ይህን ለደንበኛ በየቀኑ እናገራለሁ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ እትዬ» ብዬ ተቀበልኳቸው።

በቦታው ላለ የጤና ባለሙያ የደወልኩት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ከዚህ በፊት መሆን ነበረበት! ልጁ በትሕትና ሰማኝና «የተጎዳ ሰው ብዙ የለንም» አለኝ። ያለው ተቅማጥ ነው፣ የአቧራ ሳል ነው፣ የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒቱን ቤቱ ጥሎ የሮጠ ሰው ነው። የሚፈልገውን ቆጠረልኝ፦ ለተቅማጥ በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣው ለምለም፣ ዚንክ፣ ውሃ ማከሚያው ውሃ አጋር፣ ሳሙና፣ የሴቶች ንጽሕና መጠበቂያ። ከዘጠኙ ካርቶን ለእሱ የሚሆነው ታሽጎ የነበረው ብቻ ነው፤ አንድ ካርቶን። ሌላ አንድ ከራሴ መደርደሪያ ሞላሁ።

ማድረሱ ቀላል ነበር። በመኪና ያልሞከርነው ለምን እንደሆነ እዚህ የሚኖር ሰው ይገባዋል። በአውሮፕላን አዲስ አበባ ላክን፣ የአክስቴ ልጅ ተቀብሎ በአዳማ በኩል ወስዶ አስፈርሞ አስረከበ። ሁለት ቀን።

የሚያናድደኝ ደግሞ ይህን ጉዳይ ተምሬዋለሁ። በፈረንጆቹ 1988 አርሜኒያ በርዕደ መሬት ስትመታ 5,000 ቶን መድኃኒትና የሕክምና ዕቃ ጎረፈላት፤ ወዲያው ሥራ ላይ ሊውል የቻለው 30 በመቶው ነው። ሃምሳ ሰዎች ለስድስት ወር ሲለዩ ከረሙ። ለፈተና በቃሌ ይዤው ነበር።

አሁን ወደ ስምንቱ ካርቶን። መድኃኒት እንደ ቆሻሻ አይጣልም፤ የሚወገደው በኮሚቴ ፊት ነው። እኔ ደግሞ ፈቃድ ያለኝ ነጋዴ ነኝ፤ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ያለ ሰነድ ሱቄ ውስጥ ቢገኝ መዘጋቴ ነው። ሌሊት በባጃጅ አጋዝኩና ሳሎኔ ውስጥ ደረደርኳቸው። ባለቤቴ እስከ ሰኔ ድረስ እንግዳ አልጠራችም።

ማመልከቻ ጽፌ አንድ ቢሮ ሄድኩ። ስሙን አልጠራም፤ ነገም ፈቃድ የማሳድሰው እዚያው ነው። ሠራተኛው ወረቀቱን አንብቦ «የግዢ ደረሰኝ?» አለኝ።

«አልገዛሁትም፣ ሰው ነው የሰጠኝ።»

«ማን?»

«ሕዝቡ።»

«ሕዝብ ደረሰኝ አይቆርጥም» አለና ወደ ሌላ መስኮት መራኝ። እዚያ ደግሞ ስም፣ መጠን፣ ባች ቁጥርና የሚያበቃበት ቀን ያለው ዝርዝር በሦስት ኮፒ ተባልኩ። ከልጄ ጋር ሁለት ሳምንት ማታ ማታ ክኒን ቆጠርን። ልጄ «አባባ፣ ይቺ ነጯ ምን ልበላት?» ትለኛለች። «ነጭ፣ ክብ፣ ብዛት 11» ብዬ አስጻፍኳት። ዝርዝሩን ስወስድ ሠራተኛው ነጭ ክብ የሚባል መድኃኒት የለም ብሎ መለሰኝ። እውነቱን ነው፤ ግን የዚያን ቀን እውነቱ ደሜን አፈላው።

ከዚያ ኮሚቴው። ሦስት አባላት አሉት፤ ሁለቱ ሲገኙ አንዱ ስልጠና ላይ ነው። አንዱ ከስልጠና ሲመለስ ሊቀ መንበሩ ተዛወረ፣ የእኔም ደብዳቤ መዝገብ ቤት ገብቶ ጠፋ። እንደገና ጻፍኩ። ስንት ወዳጅ ነው «ምን አስጨነቀህ፣ ማታ ወስደህ ጣና ውስጥ ድፋው» ያለኝ! እምቦጩ አንሶት ነው? ያው ሰው እሁድ ሐይቁ ዳር ቁጭ ብሎ የዓሣ ጉላሽ ያዝዛል።

በመካከሉ የካቲት 7 ሌሊት 6.0 የተለካው ደረሰ። ጠዋት ሱቄን ስከፍት ሁለት ሰዎች ፌስታል ይዘው ቆመዋል። «ብር ብቻ ነው የምቀበለው» አልኳቸው። አንደኛው 100 ብር ሰጠኝ፤ ሌላው ፌስታሉን ይዞ ተቀይሞ ሄደ። የተሰበሰበው ከመጀመሪያው ጋር አይወዳደርም፤ ግን አዳማ ካለ አከፋፋይ በጤና ባለሙያው ዝርዝር መሠረት ተገዝቶ በማግስቱ ደረሰ።

የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ለታካሚ ተሰጥቶ የተመለሰ መድኃኒት አይለገስ፣ የሚለገሰውም ሲደርስ ቢያንስ አንድ ዓመት ይቅረው ይላል። ለእኛ ሰፈር ይህ አይበቃም። ከግለሰብ እጅ የታሸገውንም አትቀበሉ። የታሸገውን የያዘውን ተቀብላችሁ፣ ገንቦ ያቀፉትን እናት በምን አፍ ትመልሷቸዋላችሁ? አስቀድማችሁ ደውሉ፣ ዝርዝሩን በጽሑፍ ተቀበሉ፣ ብር ሰብስባችሁ ለተጎጂው ቅርብ ከሆነው ከተማ ግዙ። ፎቶውን ከፈለጋችሁ ከዚያ በኋላ ተነሱ።

ሰኔ ላይ ጣሪያዬ አፍስሶ ሁለቱ ካርቶን ከራሰ በኋላ ሦስቱም አባላት በአንድ ቀን ተገኙ። አንድ የጤና ተቋም ማቃጠያ ውስጥ ገባ፤ የናፍጣውን የከፈልኩት እኔ ነኝ። ኢንሱሊኑን በመጨረሻ ነው የሰጠኋቸው። ገንቦውን አጥቤ ለእትዬ መለስኩላቸው። «ደረሰላቸው?» አሉኝ። «ደረሰ» አልኩ።

የናፍጣው ደረሰኝ ሱቄ መሳቢያ ውስጥ አለ። ተቆጣጣሪ ሲመጣ መጀመሪያ የማወጣው እሱን ነው።