ከአጋዘን ጋር የተላተመችው ሚያታ

ባለፈው ዓመት በኅዳር አንድ ምሽት፣ አሜሪካ ውስጥ ከከተማ ራቅ ባለ የሜሪላንድ መንገድ ወደ ቤቴ ስመለስ፣ ከጫካው ዘልሎ የወጣ አጋዘን እ.ኤ.አ. በ1992 ከተሠራችው ቀይ ማዝዳ ሚያታ መኪናዬ ግራ አፍንጫ ጋር ተላተመ። አጋዘኑ ተነሥቶ ጨለማው ውስጥ ገባ፤ መኪናዋ ግን ቀኝ መብራቷ እያበራ፣ ግራው ተሰብሮ በግማሽ እንደተጋደመ ቀረች፤ የሚያታዬ መብራቶች ሲበሩ በሞተር ተነሥተው ብቅ የሚሉ፣ ሲጠፉ የሚጋደሙ ናቸው። የነበረኝ ኢንሹራንስ በሌላ ሰው ላይ የማደርሰውን ጉዳት ብቻ የሚሸፍን ስለነበር፣ ወጪው ሙሉ በሙሉ በእኔ ላይ ወደቀ። ሁለት የቀለምና የቦዲ ጋራዦች የነገሩኝ ዋጋ መኪናዋን ከገዛሁበት ስለበለጠ ክረምቱን በሙሉ በቤቴ ጋራዥ ራሴ ልጠግናት ወሰንኩ።

ዓይን የሚያየው ጉዳት ግልጽ ነበር። ባምፐሩ ተቀድዷል፤ ኮፈኑ (የሞተሩ ክዳን) ግራ ጠርዙ ላይ ተቆልምሟል፤ ግራው ፓራፋንጎ (ከፊት ጎማው በላይ ያለው የጎን ሽፋን) ወደ ኋላ ተገፍቶ በሩ ሲከፈት ይፋተገዋል። እኔም ያየሁትን ብቻ አምኜ ከአሮጌ መኪና መለዋወጫ መሸጫ ቀጥ ያለ ፓራፋንጎ ገዛሁና ወደ ማሰሩ ገባሁ። የሚያታ ፓራፋንጎ በብየዳ ሳይሆን በብሎን የሚታሰር በመሆኑ ባለ 10 ቁልፍ የያዘ ሰው በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊያወርደው ይችላል፤ በሩ ሲከፈት ብቻ የሚታየውንና ከበሩ በታች የተደበቁትን ብሎኖች መርሳት ግን አይገባም። አዲሱ ተራ በተራ ታሰረ፤ ኮፈኑን ስዘጋው ግን በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ከፊት 3 ሚሊ ሜትር፣ ከኋላ ደግሞ 11 ሆኖ ተገኘ። ብሎኖቹን አላልቼ ወዲያና ወዲህ ብገፋውም አንዱ ጫፍ ሲስተካከል ሌላው ይበላሻል። ሁለት ቅዳሜዎች በዚህ አለፉ።

በመጨረሻ ሁሉንም መልሼ አወረድኩና መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝን አደረግኩ፤ ለካሁ። ከግራው የሾክ አብዞርበር ማሰሪያ ብሎን እስከ ቀኙ የፊት ማዕዘን፣ ከዚያም ከቀኙ እስከ ግራው ማዕዘን፣ በመስቀል አምሳል። ሁለቱ ልኮች እኩል መሆን ሲገባቸው የ9 ሚሊ ሜትር ልዩነት ነበራቸው። ራዲያተሩን ከፊት የሚሸከመው ብረት፣ ቀለሙ እንኳ ሳይሰነጠቅ፣ ወደ ኋላና ወደ ጎን ሄዶ ነበር። የፊት ግጭት ያየች መኪና የሚጠግን ሰው ከሜትሩ በፊት የመለዋወጫ ዋጋ መጠየቅ የለበትም የምለው ከዚህ የተነሣ ነው።

ብረቱን ከመንካቴ በፊት የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ፈትቼ ጥቂት ደቂቃዎች ጠበቅሁ፤ የኤርባጉ ግጭት ጠቋሚዎች ከፊት ስለሚገኙ ይህ የሚዘለል ጉዳይ አይደለም። የሚያታ ባትሪ ከሞተሩ ጎን ሳይሆን ከኋላ በዕቃ መጫኛው ውስጥ መሆኑን የማያውቅ ሰው ለጥቂት ጊዜ ሲፈልግ መቆየቱ አይቀርም። ራዲያተሩ ሳይፈስስ ተርፎ ነበር፤ ሆኖም የላይኛው የፕላስቲክ ክፍሉ በዕድሜ ብዛት ቡናማ ሆኖ ስለነበር፣ ይህም ሊሰነጠቅ መቃረቡን የሚያሳይ ምልክት በመሆኑ፣ አብሬ ቀየርኩት።

ማቅናቱን በእጅ በሚሠራ ዊንች (ባለ ጥርስ መጎተቻ) አከናወንኩ። የመኪናዋን የኋላ ክፍል አስሬ፣ ሰንሰለቱን በወፍራም ብርድ ልብስ ሸፍኜ፣ ምክንያቱም ድንገት ቢበጠስ ሰው ሊገድል ይችላል፣ ጥቂት ጥርስ በሳብኩ ቁጥር ቆም ብዬ እለካ ነበር። ብረት ሲለቀቅ ወደ ኋላ ስለሚመለስ ከሚፈለገው ልክ ትንሽ አሳልፎ መሳብ ያስፈልጋል፤ የመጀመሪያዎቹ 5 ሚሊ ሜትሮች ሲለቀቁ ወደ 2 ወረዱ። በሦስተኛው ቀን የመስቀሉ ልዩነት 2 ሚሊ ሜትር ላይ ሲደርስ አቆምኩ፤ የቀረውን የፓራፋንጎው ሰፋ ያሉ የብሎን ቀዳዳዎች ይችሉታል።

ኮፈኑን በሚመለከት ማግኔት አስጠግቼ ባላየሁት ኖሮ በመዶሻ አበላሸው ነበር። ማግኔቱ አልያዘም፤ ማዝዳ ክብደት ለመቀነስ የዚችን መኪና ኮፈን በአሉሚኒየም ሠርቶታልና። አሉሚኒየም በተደጋጋሚ ሲቀጠቀጥ እየጠነከረ ሄዶ ይሰነጠቃል፤ ልጅ ሳለሁ በሰፈራችን ጋራዥ አጠገብ ቆሜ የማያቸው ባቲላሜራዎች ላሜራ ሲያቀኑ የሚያሳርፉትን ዓይነት ምት አይወድም። ጠርዙን በጎማ መዶሻና በእንጨት ቁራጭ ቀስ እያልኩ መለስኩት፤ ፍጹም አልሆነም፣ ሆኖም ዓይን አያቆስልም።

ከመለዋወጫ መሸጫው የገዛሁት ፓራፋንጎም ከበሩ አጠገብ የራሱ ስርጉድ ነበረበት፤ ይህ ግን ብረት ስለሆነ ከጀርባው ከባድ ብረት ደግፌ ከፊት በመዶሻ አቀናሁት። ለቀረው ስቱኮ (ስርጉድ የሚሞላ ልስን) ተጠቀምኩ። የሚቀላቀልበት ማጠንከሪያ በክብደት 2 በመቶ አካባቢ መሆን ሲገባው በጥር ቅዝቃዜ አልደርቅ ሲለኝ ጨመርኩበትና ጥቃቅን ቀዳዳዎች ሞሉት፤ ሁሉንም ፍቄ አውጥቼ ማሞቂያ አምጥቼ ደገምኩት። መስተካከሉን በዓይን ለማወቅ አይቻልም። የባለቤቴን ያረጀ ነጠላ ቁራጭ በመዳፌና በብረቱ መካከል አድርጌ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ከፊት ወደ ኋላ በረጅሙ ስዳብሰው፣ ባዶ እጅ የማይነግረኝን የወረቀት ውፍረት ያህል ጉብታ ጨርቁ ነገረኝ። ያንን ቦታ በብርጭቆ ወረቀት መታሁት፤ እንደገና ዳበስኩ።

ባምፐሩን አዲስ አበባ ብሆን ፓራውልት ብዬ እጠራው ነበር፤ እዚህ የመለዋወጫ ሻጩን በዚህ ቃል ብጠይቀው አይገባውም። በቀላሉ የሚተጣጠፍ ዩሪቴን የተባለ ፕላስቲክ በመሆኑ ተራ ስቱኮ ቢቀባበት በመጀመሪያው ንክኪ ይረግፋል። ቅዱ የሚያበቃበት ጫፍ ላይ እንዳይቀጥል ትንሽ ቀዳዳ በስቼ፣ ከጀርባው መረብ አድርጌ፣ ለዚሁ በተሠራ ባለ ሁለት ክፍል ማጣበቂያ ሞላሁት። ከሥራዬ ሁሉ የምኮራበት ይህ ነው።

ቀለሙን ቤት አልቀባሁም። በቀለሙ ማጠንከሪያ ውስጥ ያለው አይሶሳያኔት የተባለ ኬሚካል ሳንባን ለዘለቄታው የሚጎዳ ስለሆነ፣ ግድግዳው ከልጆቼ መኝታ ጋር በሚዋሰን ጋራዥ ውስጥ እርሱን መርጨት ቁጠባ ሊባል አይችልም። የተዘጋጁትን ክፍሎች በአንድ ጓደኛዬ ፒክአፕ ጭኜ ወደ ቀለም ቤት ወሰድኳቸው፤ ለባምፐሩ ቀለም መተጣጠፊያ (ከባምፐሩ ጋር አብሮ እንዲታጠፍ የሚያደርግ ቅመም) እንዲጨመርበት አደራ አልኩ።

አሁን በኮፈኑና በፓራፋንጎው መካከል ያለው ክፍተት ከጫፍ እስከ ጫፍ 4 ሚሊ ሜትር ነው። ግራው መብራት ባገለገለ ሞተር ስለሚሠራ ከቀኙ ጥቂት ዘግይቶ ይነሣል፤ አንድ ቀን ማታ ጭራሽ አልነሣም ሲል፣ ወርጄ ከጎማ ክዳኑ ሥር ያለችውን ቁልፍ በእጄ አዙሬ አስነሣሁትና ወደ ቤቴ ነዳሁ።