ቄጤማው ዘንድሮ መጣ

እንኳን አደረሳችሁ ወዳጆቼ። ይህን መጻፍ የጀመርኩት በ2013 የፋሲካ ዋዜማ፣ ቅዳሜ ጠዋት ነው፣ መቼ እንደምጨርሰው ግን እንጃ። እናቴ ዶሮውን ይዛ ማድ ቤት ገብታለች፤ በየአምስት ደቂቃው "አንተ ልጅ!" ትላለች፣ ሽንኩርት እንድከትፍ፣ ከሰል እንዳቀጣጥል፣ የጠፋ ክዳን እንድፈልግ።

ሦስት ሰዓት ገደማ ግን ቤቱ ጸጥ አለ። የግቢው በር ላይ ቃጭል ተሰማ። የደብራችን ቄስ ጥላቸውን ዘርግተው፣ ዲያቆኑ ቃጭሉን እያቃጨለ፣ ከኋላቸው አንድ ልጅ እርጥብ ቄጤማ ታቅፎ ቆመዋል። "ገብረ ሰላመ በመስቀሉ" አሉ ቄሱ፣ ማስኩ ድምፃቸውን አፍኖት። እናቴ ሰባ ዓመት አልፏታል፣ ጉልበቷንም ያማታል፤ ከማድ ቤት እስከ በሩ ግን ሮጠች። ቄጤማዋን ተቀብላ ራሷ ላይ አሰረች፣ ለኔም አሰረችልኝ፣ ከዚያ ደጃፉ ላይ ካለው ድንጋይ ቁጭ ብላ "አሁን ገና ተፈታን" አለች።

ስለዚች "አሁን ገና" ነው ዛሬ ላወራችሁ የፈለግኩት።

ሙስሊም ወዳጆቼ (ዘንድሮ ፋሲካችን ረመዳናችሁ ውስጥ ገባ፣ ለኢፍጣር ድፎ ዳቦ ይደርሳችኋል፣ እናቴ ቆጥራችኋለች) ነገሩ ላይገባችሁ ስለሚችል ትንሽ ላስረዳ። እኛ በሰሙነ ሕማማት አንጨባበጥም፣ አንሳሳምም፣ መስቀልም አንሳለምም። ይሁዳ ጌታውን በመሳም ነው አሳልፎ የሰጠው፣ ስለዚህ ያን ሳምንት ሰላምታው ራሱ ይቀራል። ፍትሐት እንኳ አይደረግም። በሆሳዕና ዕለት ለሁላችንም፣ በቁማችን እየሰማን፣ ቀድሞ ይጸለይልናል፤ በዚያ ሳምንት የሞተ ሰው በዚያው ጸሎት ይሸኛል። ይሄ ሁሉ ሊያበቃ መሆኑን የምናውቀው ቅዳሜ ጠዋት ቄጤማው ሲመጣ ነው። በኖኅ ዘመን ርግቧ ለምለም ቅጠል ይዛ የውሃውን መጉደል እንዳበሰረች፣ ካህናቱም በየቤቱ እየዞሩ ቄጤማ ይሰጡና መከራው አለፈ ይሉናል። ከዚያ ሌሊቱ ትንሣኤ ነው፣ መሳሳም ነው።

አምና ቄጤማው አልመጣም።

ታስታውሳላችሁ። መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አዲስ አበባ ተገኘ ሲባል እኛ ባሕር ዳር ሆነን የሩቅ ወሬ ነበር የመሰለን። ወሩ ሳይወጣ የኛም ከተማ ለ14 ቀን ተዘጋች፣ ከኛ ጋር እንጅባራ፣ ቲሊሊና አዲስ ቅዳም። ባጃጅ ጠፋ። ባጃጅ የሌለበት ባሕር ዳር ምን እንደሚመስል ላላየ ሰው መንገር ይከብዳል፤ አስፋልቱ መሃል ቆመህ ከሐይቁ የሚመጣ የወፍ ድምፅ ትሰማለህ። ቅዱስ ሲኖዶስ ደግሞ ጥቂት አገልጋዮች ብቻ ውስጥ ሆነው እንዲቀድሱ፣ ሕዝቡ በየቤቱ እንዲጸልይ ወሰነ። (ሰምቶ እንዳልሰማ የሆነም ነበር፣ አጥር ስር ቆሞ የሚያስቀድስ። አልፈርድበትም።) ሆሳዕና በዚያው በተዘጋንበት ሁለት ሳምንት ውስጥ ዋለ። መንገዱ ግራና ቀኝ ዘንባባ የተተከለበት ከተማ ውስጥ እየኖርን፣ የእህቴ ልጅ አንዲት የዘንባባ ቀለበት ጣቱ ላይ ሳያደርግ በዓሉ አለፈ።

ከዚያ ሚያዝያ 10፣ ቅዳሜ። እናቴ ከጠዋት ጀምሮ በሩን ታያለች። አራት ሰዓት ሆነ፣ አምስት ሆነ። ካህናቱ እንደማይመጡ ታውቃለች፣ ግን ታያለች። እኔ ጀግናው ማስኬን አጥልቄ ወደ ሐይቁ ዳር ወረድኩ። ጣና አጠገብ እየኖሩ ቄጤማ ምን ችግር አለው? ደህና አድርጌ አጨድኩና በትከሻዬ ተሸክሜ መጣሁ። አየችው። "ጥሩ ነው፣ ለምለም ነው" አለች። ወስዳ ሳሎኑን ጎዘጎዘችው። "ራስሽ ላይ አታስሪም?" ስላት፣ "ይሄማ ሣር ነው ልጄ" አለችኝ።

በዚያ ዓመት ከሰማሁት ሁሉ፣ ከቴሌቪዥኑ የየማታ ቁጥርም በላይ፣ ይቺ ናት ውስጤ የቀረችው።

ሌሊቱን ግን ሌላ ነገር ሆነ። የደብራችን ድምፅ ማጉያ ተከፍቷል። ቅዳሴ ቢያንስ በአምስት ልዑካን ነው የሚቀደሰው፣ እነሱ ገብተዋል፣ ከነሱ ሌላ ብዙም ሰው የለም። በሌላው ጊዜ ጧፍ የያዘ ሕዝብ ግቢውን ሞልቶ የሚመልሰውን ማን ሊመልስላቸው ነው እያልኩ አስባለሁ። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ በረንዳው ላይ ቆማለች። ቄሱ "ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን" ሲሉ፣ "በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን" አለች፣ በጨለማው፣ ብቻዋን፣ ጮክ ብላ። እውነቱን ልናገር፣ አፈርኩ፤ ጎረቤት ይሰማል ብዬ። "አሰሮ ለሰይጣን" ሲሉ ከአጥሩ ወዲያ አንድ የወንድ ድምፅ ከሷ እኩል "አግአዞ ለአዳም" አለ። ሁልጊዜ በውሃ ቆጣሪ የምንጨቃጨቀው ጎረቤታችን ነው። "ሰላም" ሲሉ ከላይኛው ግቢም መጣ። "ኮነ" ሲባልና "ፍሥሐ ወሰላም" ሲመለስ ሰፈሩ እንዳለ ነበር፣ አንዱ ቀድሞ፣ አንዱ ዘግይቶ፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ሕፃን ድምፅ ከሁሉም በኋላ ለብቻው፣ ውሻውም መሃል ላይ እየጮኸ። በሕይወቴ ብዙ ፋሲካ አስቀድሻለሁ። እንደዚያ ያለ ግን አልሰማሁም።

ነጋ። ማንም ማንንም ሳይስም ነጋ። እና ለእናቴ ያ ሕማማት እስከ ዛሬ ጠዋት አላበቃም ማለት ነው። መጀመሪያ የአሮጊት ወግ ነው ብዬ ነበር፤ ሳስበው ግን ዓመቱ በሙሉ የሕማማት ሥርዓት ነው የነበረው። አለመጨባበጥ። አለመሳሳም። መስቀል በሩቅ። የንስሐ አባታችን አንድ ቀን መጥተው በሩ ላይ ቆሙ፣ አልገባም አሉ፣ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው ከዚያው ሆነው "እግዚአብሔር ይፍታሽ" አሏት። እሷ ከበረንዳው ሆና ጎንበስ አለች። ሲሄዱ ዞራ "እንደ ፎቶ አሳዩኝ እኮ" አለች። ሳቅን፣ ከዚያ ዝም አልን።

ከሁሉ የከፋው የቆሎ ተማሪዎቹ ነገር ነበር። ይህ አገር የአብነት ትምህርት አገር ነው፤ ልጆቹ ከቤተሰብ ርቀው፣ አኩፋዳቸውን አንግተው፣ "በእንተ ስማ ለማርያም" እያሉ ለምነው በልተው ነው የሚማሩት። በሩ ሁሉ ሲዘጋ ያ ልጅ ምን ይበላል? አንድ አሥራ ሁለት ዓመት የሚሆነው እኛ በር ላይ የሚመጣ ነበር። እናቴ እንጀራውን በፌስታል አድርጋ ደንጋዩ ላይ ታስቀምጥና ወደ ኋላ ትላለች፣ እሱ መጥቶ ያነሳል። በፊት እጁ ላይ ነበር የምትሰጠው፣ ራሱንም ትደባብሰው ነበር። በሦስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ እንጀራውን አንስቶ ቆመ፣ ቆመና "እማማ፣ እኔ እኮ አላመመኝም" አላት። ምን ብላ ትመልስ? "ላንተው ነው ልጄ" አለች። ልጁ አላመናትም፣ ፊቱ ላይ ይታያል። ከተወሰነ ጊዜ በኋላ መምጣት አቆመ። ወደ አገሩ ገብቶ ይሆናል። ይህን የምታነቡ፣ በራችሁ ላይ ያ ድምፅ ከተሰማ፣ በዚህ በበዓሉ ሰሞን ዶሮውን ራሱ አቅምሷቸው፣ ጾሙ ተፈቷልና ሰበብ የለንም።

የእናቴ ጽዋ ማኅበርም አለ፣ በየወሩ 21 የማርያም። አሥራ ሁለት ሴቶች ናቸው፣ ጠላው በአንድ ጽዋ ነው የሚዞረው። ከአምና መጋቢት ጀምሮ ጽዋው ቆመ፤ ተራ የደረሳት ዳቦውን ቆርሳ በልጆቿ እጅ ለየቤቱ ትልካለች። ነሐሴ ላይ ከመካከላቸው አንዷ አረፉ። በኮሮና አይደለም፣ የቆየ ሕመም ነበረባቸው፣ ግን ምን ለውጥ አለው፣ ለቅሶው የኮሮና ለቅሶ ነው። ሸኚው ተቆጥሮ፣ ድንኳን ሳይኖር፣ ሰው በዝናብ በየተራ እያዘነ እየሄደ። ልጃቸው አብሮ አደጌ ነው። ፊት ለፊቴ መጥቶ ቆመ። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ አንገቴን ደፋሁለት። እሱም እንዲሁ። ሁለት ሜትር። ትክክል ነበርን፣ ሕጉም ምክሩም ያን ነው የሚለው፣ ቤቴ ውስጥ እናቴ አለች፣ እሱም ያውቃል። አሁን ግን ስንገናኝ ስለ ኳስ እናወራለን፣ ስለ ኑሮ ውድነት እናወራለን፣ ያንን ቀን ሁለታችንም አናነሳም። ነገ ጠዋት ቤቱ እሄዳለሁ። ስምንት ወር የዘገየ ለቅሶ በፋሲካ ይደረስ እንደሆነ እንጃ፤ እኔ እሄዳለሁ።

ቀላሉንም ላንሳ። ሰንበት ትምህርት ቤታችን መዝሙር በቴሌግራም ልናጠና ብሎ ነበር። ሠላሳ ሰው ሠላሳ የድምፅ መልእክት ይልካል፣ ከበሮ መቺው ኔትወርክ በሌለበት ሰፈር ነው የሚኖረው፣ ከበሮው መዝሙሩ ካለቀ በኋላ ይደርሳል። በሁለት ሳምንቱ ተውነው። ወደብ ላይ ጀልባዎቹ ታስረው ከረሙ፤ ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ እንግዳ ሲወስድ የሚኖረው አስጎብኚና ጀልባ ነጂ ምን እንደሆነ የጠየቀው ብዙ የለም። መነኮሳቱ ደህና ናቸው ይሉኛል። ከሰው መራቅማ እነሱ ሙያቸው ነው።

ዘንድሮስ? መጋቢት 4 ቀን 2013፣ የመጀመሪያው ታማሚ በተገኘ ልክ በዓመቱ፣ ክትባት ተጀመረ። የእናቴ ተራ ሲደርስ ዐቢይ ጾም ላይ ነበርን። ትከተቢያለሽ ወይ ብዬ ልከራከራት ተዘጋጅቼ ነበር፣ በአንድ ወገን የሚወራውን ታውቃላችሁ። እሷ ያስጨነቃት ግን ሌላ ነው፤ "መርፌው ጾም ይገድፋል?" አለችኝ። አይገድፍም ብዬ ማልኩ። አላመነችኝም፣ ለንስሐ አባቷ ደወለች። አይገድፍም አሏት። "ለማንኛውም" ብላ ቅዳሴ እስኪወጣ ጠብቃ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ወሰድኳት። አማትባ ክንዷን ሰጠች።

ትናንት ስቅለት ነበር። ግቢው ከዳር እስከ ዳር ጢም ብሏል። አምና ለርቀት በኖራ የተሰመረው መስመር አሁንም በስሱ ይታያል፣ ላዩ ላይ አራት ሰው ቆሞበታል። ስሰግድ ግንባሬ የፊት ለፊቴ ሰውዬ ተረከዝ ላይ ነው የሚያርፈው። ማስክ ያደረገም አለ፣ አብዛኛው አገጩ ላይ ነው። አምና ታማሚው በጣት በሚቆጠርበት ጊዜ ቤታችን ተቀመጥን፤ ዘንድሮ ሐኪሞች አልጋና ኦክስጅን አጠረ እያሉ ሲጮኹ ተቃቅፈን ቆምን። ይሄ ትክክል ነው አልልም። ሰው ደከመው፣ ይገባኛል፣ ግን ድካም በሽታውን አያባርረውም። ይህን እያሰብኩ፣ ደግሞ ኪርያላይሶኑ በሺህ ሰው ጉሮሮ ሲወጣ፣ ዓመት ሙሉ እንዴት እንደናፈቀኝ ያወቅሁት ያኔ ነው። ሁለቱም ነበሩ። ማስኬን አላወለቅሁም፣ ከዚያ ግን አልወጣሁም። ማታ ቄሱ በወይራው ጀርባዬን ሲጠበጥቡኝ ይህንንም ነገርኳቸው። "አርባ ስግደት ጨምር" አሉኝ፤ በፍርሃቴ ይሁን በድፍረቴ አልጠየቅሁም። እናቴ ዳር ላይ፣ ዛፍ ስር፣ የራሷን በርጩማ ይዛ ነው የዋለችው። የኔ ክርክር አይደለም ያሸነፈው፣ ጉልበቷ ነው።

ዓመቱ በኮሮና ብቻ አልከበደንም፣ ታውቃላችሁ። በጦርነትም በመፈናቀልም ቤቱ የፈረሰ፣ ቄጤማ የሚታሰርበት ደጃፍ ያጣ ስንት ወገን አለ። ያ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል፣ ዛሬ አቅሙ የለኝም።

ይኸው መሸ። ሁለት ሰዓት ሊሆን ነው። ድምፅ ማጉያውን ሲሞክሩ ይሰማል፣ "ሃሎ፣ ሃሎ፣ አንድ ሁለት"። የውሃ ቆጣሪው ጎረቤታችን በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ "ዘንድሮም ከበረንዳ ነው?" ብሎ እናቴን ጠየቃት። "ምን በወጣኝ፣ ዘንድሮ እሄዳለሁ" አለችው። ቄጤማዋ ደርቃለች፣ አላወለቀቻትም። ውጭ አገር ያላችሁ፣ ሆስፒታል ተረኛ የሆናችሁ፣ አልጋ ላይ ያላችሁ፣ ቤተ ክርስቲያን ሩቅ የሆነባችሁ፣ "ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን" ሲባል ካላችሁበት መልሱ፣ ጮክ ብላችሁ፣ ጎረቤት ቢሰማም ይስማ።

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሳችሁ። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ በር ላይ ቆማለች፣ በርጩማውን እኔ እንድይዝላት። ማስኬ ደግሞ ከሽንኩርቱ ስር ነው መሰለኝ፣ አላገኘሁትም።