የደብዳቤ መዝገብ ሼርፖይንት ላይ
ጎንደር፣ ኅዳር

የመዝገብ ቤቱን የገቢና ወጪ ደብዳቤ ሼርፖይንት (የማይክሮሶፍት የመረጃ ማጋሪያ ሲስተም) ላይ ማስፈር ሲያዩት ቀላል ነው፦ ሊስት (ሠንጠረዥ) መክፈት፣ ዓምድ መሰየም፣ በቃ። ጣጣው የሚጀምረው ከስያሜው ነው።

ዓምዱ ሲፈጠር በአማርኛ ከተሰየመ፣ ሲስተሙ ለራሱ በሚይዘው ስም ውስጥ አንዱ ፊደል ሰባት ምልክት ይሆናል። የተፈቀደው 32 ምልክት ብቻ ስለሆነ ከአራት ፊደል በኋላ ይቆረጣል። «የደብዳቤው ቁጥር» እና «የደብዳቤው ቀን» ሁለቱም «የደብዳ» ላይ ይቀራሉ፤ አንዱ መጨረሻው ላይ ቁጥር ይለጠፍለታል። ፎርሙላ ሲጻፍ የትኛው የቱ እንደሆነ መለየት ራስ ያዞራል። ስለዚህ መጀመሪያ በላቲን ፊደል አጭርና ክፍት ቦታ የሌለው ስም ሰጥቶ ሴቭ ማድረግ፣ ከዚያ ወደ አማርኛ መቀየር። የሚታየው ይለወጣል፣ የውስጡ እንዳለ ይቆያል። ቀድሞ ከተበላሸ ግን ዓምዱን አጥፍቶ እንደገና መፍጠር ነው።

ቀጥሎ የሰዓት ቀጠና። ሳይቱ በአሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ ሰዓት ከቆየ፣ ከረፋዱ 4 ወይም 5 ሰዓት በፊት የተመዘገበ ደብዳቤ የትናንት ሆኖ ይታያል። ሰዓቷ ከእኛ ጋር አንድ የሆነውን ናይሮቢን መምረጥ ይበቃል።

ቀን መቁጠሪያው ግን የእውነት ያስቸግራል። በምርጫው ውስጥ የሂጅራ አለ፣ የቡድሃ አለ፣ የእኛ የለም። (ለምን እንደሆነ እነሱ ይወቁት።) የበጀት ዓመቱ እንኳን ቀላል ነው፦ ሐምሌ 1 ምንጊዜም ጁላይ 8 ስለሆነ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከፈረንጁ ዓመት 7፣ ከዚያ በፊት 8 መቀነስ ነው። አንድ መስመር ፎርሙላ፣ ፈጽሞ አይሳሳትም። ሙሉውን ቀን በዚሁ መንገድ ለመቀየር የሚሞክር ግን ጥምቀት ላይ ይያዛል። ጥር 11 አብዛኛውን ጊዜ ጃንዋሪ 19 ነው፤ በ2016 ግን 20 ላይ ዋለ፣ በ2020ም እንዲሁ ይውላል። ጳጉሜን 6 ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 21 ድረስ ሁሉም በአንድ ቀን ይገፋል። ጎንደር ላይ ጥምቀትን በአንድ ቀን ያሳተ ሲስተም ማንም አያምነውም።

የሚሻለው ለየዓመቱ 13 ረድፍ ያለው፣ የየወሩ መባቻ በፈረንጅ የተጻፈበት ትንሽ ሊስት ነው። ስሌት ዓምድ ሌላ ሊስት ማንበብ ስለማይችል፣ ፓወር አውቶሜት (ሥራን በራሱ የሚያስኬድ የማይክሮሶፍት መሣሪያ) አንብቦ የአማርኛውን ቀን በጽሑፍ ዓምድ ይሙላ። እዚህ ላይ ወጥመድ አለ፦ ፍሎው (በፓወር አውቶሜት የተሠራው የሥራ ቅደም ተከተል) ረድፉ «ሲሻሻል» በሚለው ከተነሣ፣ ራሱ የጻፈው ራሱን መልሶ ያስነሣዋል፤ ማቆሚያ የለውም። አዲሱ ቀን ከተጻፈው ሲለይ ብቻ ይጻፍ የሚል ቅድመ ሁኔታ ማስገባት ግድ ነው።

5000 ረድፍ ሳይሞላ የቀንና የክፍል ዓምዶችን ኢንዴክስ ማድረግም (ቶሎ እንዲፈለጉ ማውጫ ማበጀትም) አይዘንጋ። የባለሙያ ስም በምርጫ ዝርዝር እንጂ በጽሑፍ አይሁን፤ ኃይሉ፣ ሀይሉ እና ሐይሉ ለማጣሪያው ሦስት ሰው ናቸው።

ደስ የሚለው ክፍል «ምላሽ ያላገኙ» የሚለው እይታ ነው። ማጣሪያው ሁለት ነገር ብቻ ይጠይቃል፦ የምላሽ ቁጥሩ ባዶ ይሁን፣ የገባበት ቀን ከዛሬ 5 ቀን በፊት ይሁን። «ዛሬ»ን በስሌት ዓምድ ካስገቡት ረድፉ እስኪነካ ድረስ ያረጃል፤ በእይታ ማጣሪያ ውስጥ ግን ሁሌም ትኩስ ነው። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ጠዋት ከፍታ የዘገየውን ታያለች፣ ለየክፍሉ ትደውላለች፤ ትልቁን ባሕር መዝገብ ማገላበጥ ቀረ።