ገፈርሳ ላይ ላሞቹን ተከተሉ

ወፍ ለማየት የግድ ላንጋኖ ወይም አርባ ምንጭ መውረድ አለብን የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። ሐይቅ ዳር ዓሣ እየበሉ ወፍ ማየትን ማን ይጠላል! ግን ግማሽ ቀን ብቻ ላለው የአዲስ አበባ ሰው ገፈርሳ አለለት። ከአስኮ ቡራዩ፣ ከዚያ በሆለታ መንገድ ትንሽ መቀጠል ነው። ወደ አምቦ ስንሄድ ሁላችንም በመስኮት አይተነው የምናልፈው ያ ግድብ።

ቅዳሜ ጠዋት እዚያ ነበርኩ። ከፍታው ወደ 2,600 ሜትር ስለሚጠጋ የማለዳው ብርድ አይጣል ነው፤ ጋቢ ደርባችሁ ሂዱ። ውሃው ከተማው የሚጠጣው ስለሆነ ጥበቃዎች አሉ። ባይኖኩላር ከማውጣታችሁ በፊት ሰላም በሏቸው፣ የመጣችሁበትንም ንገሯቸው።

ጋጋኖ ከመታየቱ በፊት ይሰማል። መንጋው ከዛፍ ሲነሳ ጩኸቱ ሠርግ ቤት ውስጥ የተነሳ ጭቅጭቅ ነው የሚመስለው። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ የለም፣ እኛ ግን ስለለመድነው ቀና ብለን እንኳ አናየውም።

እኔ የሄድኩት ግን ለክንፈ ሰማያዊው ዝይ ነው። በዱር የሚኖረው በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ ነው። መሬት ላይ ሲያዩት ግራጫና ቡናማ የተቀላቀለበት፣ ምኑም የማይስብ ወፍ ነው፤ ሲበር ግን ክንፉ ላይ ያለው ፈዛዛ ሰማያዊ ብቅ ይላል። ላባው ለብርዱ የሚሆን ወፍራም ነው። ደግሞ አንገቱን ወደ ኋላ ጀርባው ላይ ጋደም አድርጎ የሚራመደው ነገር አለው፣ እሱን ሳይ ሁሌም ያስቀኛል።

የት ነው የሚገኘው? ከብት ባለበት። ዝይው የሚግጠው አጭር፣ እርጥብ ሣር ነው፤ ሣሩን የሚያሳጥሩለት ደግሞ ላሞች ናቸው። ከአውሮፓና ከእስያ የመጡት ትንንሽ ቢጫ ወፎች በላሞቹ እግር መሃል እየተሽሎከለኩ የሚነሱትን ነፍሳት ይለቅማሉ። ጉሮሮው ብርቱካናማ ቢጫ፣ ደረቱ ላይ ጥቁር ማተብ ያለው ሌላ የአገራችን ብርቅዬ ወፍም ጓል ላይ ወጥቶ ይዘምራል። ላም ያልደረሰበት ረጅም ሣር አጠገብ ብዙ ቆሜ ያየሁት ነገር የለም ማለት ይቻላል።

አንድ እረኛ ልጅ ቀርቦ «ጋሼ፣ ምን ጠፍቶህ ነው?» አለኝ። ባይኖኩላሩን ሰጠሁት። መጀመሪያ ያየው የራሱን ላም ነው! ዝይዎቹን ሳሳየው «እነዚህ እኮ ማታ ማታ ነው የሚግጡት» አለ። የወፍ መመሪያ መጻሕፍትም ይህንኑ ይላሉ። ስለዚህ ፀሐይ ሳይበረታ መድረስ ነው፤ ከረፈደ ሣር ውስጥ ተጋድመው ነው የምታገኟቸው።

የዚህ ዝይ ነገር ያሰጋል። ምክንያቱን እዚያው ቆሞ ማየት ይቻላል፦ ጨፌው ይታረሳል፣ ባሕር ዛፍ ይተከልበታል፣ ቤት ይሠራበታል። ወፍ እንጠብቅ ሲባል ከብቶቹን ከአካባቢው እናስወጣ የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ደግሞ አይገባኝም። ለነገሩ ከብት ከበዛም ጎጆው ይረገጣል፣ ግን ጨፌውን ጨፌ አድርጎ ያቆየው ግጦሹ ነው።

ከጥቅምት እስከ የካቲት ብትሄዱ ከሰሜን የሚመጡትን ዳክዬዎችም ታገኛላችሁ። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ እነሱ ወደመጡበት ይመለሳሉ፣ የአገሬው ይቀራሉ፤ ለእኔ እነሱም ይበቁኛል።