ቀላሉ ወንጀል

ትናንት «ቀላል» የምትል ቃል ጉድ ሠራችኝ።

ጎረቤቴ እትዬ ልጃቸውን ይዘው ጠበቃ ዘንድ ሲሄዱ «አስተርጉምልኝ» ብለውኝ አብሬያቸው ሄድኩ። ሲያትል ከገባን ስንት ዓመታችን ነው፤ የፍርድ ቤት እንግሊዝኛ ግን አሁንም ባዕድ ነው። ልጁ ከአንድ ሱቅ ጫማ አንሥቶ ሳይከፍል ሲወጣ ተይዟል። ዋጋው ከ750 ዶላር ስለማይበልጥ በዋሽንግተን ስቴት ሕግ ሦስተኛ ደረጃ ስርቆት ይባላል። ምድቡ ግሮስ ሚስዲሚነር ነው፤ ከባዱ ወንጀል፣ ፌሎኒ ከሚባለው፣ በታች ያለው። እኔም «ፌሎኒ አይደለም፣ ቀላል ወንጀል ነው» ብዬ ተረጎምኩ። እትዬ «ተመስገን!» ብለው ነጠላቸውን አስተካከሉ።

ጠበቃዋ ቀጠለች። ከፍተኛው ቅጣት 364 ቀን ነው።

እትዬ ትንሽ አሰቡና «ዓመት ሊሞላ አንድ ቀን ጎደለው እኮ። ለጳጉሜን ተዉለት እንዴ?» አሉ።

ሳቄ መጣ። ለጠበቃዋ ጳጉሜንን ማስረዳት ስላቃተኝ ጥያቄውን ብቻ አቀበልኳት። እሷ አልሳቀችም።

በፈረንጆቹ እስከ 2011 ጣሪያው 365 ቀን ነበር አለችን። ዳኛው ዓመቱን ሙሉ ይፈርድና አብዛኛውን በገደብ ይተወዋል። ሰውየው አንድ ሁለት ቀን ታስሮ፣ መቀጫውን ከፍሎ ወደ ሥራው ይመለሳል። አለቀ ብሎ ይረሳዋል። የፌዴራሉ የኢሚግሬሽን ሕግ ግን ገደብ የሚባል ነገር አያውቅም፤ የሚያየው የተፈረደውን ነው። ከ1996 ወዲህ ስርቆት ላይ አንድ ዓመት ከተፈረደ አግራቬትድ ፌሎኒ፣ ማለትም ከአገር የሚያስባርር ከባድ ወንጀል፣ ተብሎ ይቆጠራል፤ ስቴቱ ራሱ ፌሎኒ ባይለውም። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ሲቲዝን ልሁን ብሎ ያመለከተ ዕለት፣ ወይም እናቱን ጠይቆ ከአዲስ አበባ ሲመለስ ኤርፖርት ላይ፣ ያቺ የፍርድ ወረቀት ትመዘዛለች።

የባሰ አለ። ፌሎኒ በዚህ ስቴት በሰንጠረዥ ነው የሚፈረደው። የጥፋቱ ደረጃና የቀድሞ ጥፋት ነጥብ ይታይና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰረቀ ሰው ከሁለት ወር ያልበለጠ ሊወጣለት ይችላል። ሁለት ወር ደግሞ ዓመት አይሆንም። ስለዚህ ከባዱን የሠራው ሲተርፍ ቀላሉን የሠራው ይባረር ነበር። የስቴቱ ሕግ አውጪዎች ይህንኑ በሕጉ ላይ ጽፈው አንዲት ቀን ቀነሱ። ካሊፎርኒያ በ2015፣ ኒው ዮርክ በ2019 ተከተሏቸው።

ይህን ሁሉ እየተንተባተብኩ ስተረጉም ላብ አጠመቀኝ። እኛ አገር ስሙ ያለው እስራቱ ላይ ነው፦ ቀላል እስራት፣ ጽኑ እስራት። ጽኑ ሲባል ቤተሰብ ይጮሃል፣ ቀላል ሲባል ትንፋሽ ይመለሳል። እኔም የእትዬን ትንፋሽ ቀድሜ መልሼው ነበር።

ጠበቃዋ 364 ስለሆነ ተኝታችሁ እደሩ አላለችም። ስርቆት ስርቆት ነው፣ ከተደገመ ሌላ መዘዝ አለው አለች። ልጁ ስልኩን ኪሱ የከተተው ያን ጊዜ ነው።

ስንመለስ ሬኒየር አቬኑ ላይ ቀይ መብራት ያዘን። እትዬ ከኋላ ወንበር ጎንበስ ብለው ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ።

«ቆይ ልጄ፣ ቀላል ያልከኝ የቱን ነበር?»